ለቆመው ሊፍት የቀረበ ምስጋና

አክስቴ በዕድሜዋ ሰው ሰድባ አታውቅም። አመስግና ነው የምትገድለው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በስምንት ዓመቴ አክስቴን የሚያህል ደግ ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። እናቴ ሌላ ከተማ ትሠራ ስለነበር ያደግሁት አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአያቴ ከእማማና ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። መስኮቱ ሥር ባስቀመጠችው የእግር ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትሰፋ ትውላለች፤ በሩን አልፎ የገባ ሁሉ ታዲያ ሳይመሰገን አይወጣም። አንድ ጎረቤታችን ሱሪውን እንድታሳጥርለት ሰጥቷት ልኩን ሲቀያይርባት፣ "እንዳንተ ያለ ቆራጥ ወንድ አይቼ አላውቅም" ትለዋለች። ሌሊት ሙዚቃ የሚያስጮኸውን የስድስተኛ ፎቁን ጎረምሳ ደረጃ ላይ ስታገኘው ደግሞ፣ "ብቻችንን ተኝተን እንዳይከፋን ስለምታስብልን ተባረክ" ትለዋለች። ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ፣ እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነው እል ነበር በሆዴ።

እማማ ብቻ ትቆጣታለች። "ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ታፈላብናለች!"

ሰው በማመስገን ምን ጉድ ይመጣበታል? ግራ ይገባኝ ነበር።

የሕንፃችን ሊፍት ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነበር። በሩ ላይ "ለጊዜው አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከመቆየቱ የተነሳ "አይሠራም" የሚለው በአላፊ አግዳሚው ትከሻ ተፍቆ ጠፍቶ፣ "ለጊዜው" የሚለው ብቻ ቀርቷል። አስተዳዳሪው ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ቧንቧ ፈሰሰ ሲሏቸው "ይስተካከላል"፤ የደረጃው አምፖል ተቃጠለ ሲሏቸው "ይስተካከላል"፤ ሊፍቱስ ሲሏቸውም "ይስተካከላል"። ሲቆጡም ሲስቁም ያየ ሰው የለም። በስማቸው የሚጠራቸው ጠፍቶ ሁሉም አቶ ይስተካከላል ይላቸው ነበር፤ ከኋላቸው ነው ታዲያ።

እማማ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ከመኝታ ቤት ሳሎን ትላለች እንጂ ደረጃ የማይታሰብ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ሊያወርዷት ሲሞክሩ አንደኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዳልጦት ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ በኋላ እምቢ አለች። "በሰው ትከሻ የሚወርድ ሬሳ ነው። እኔ ገና ነኝ" አለች፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ከታች፣ ምድር ቤት፣ የልጅነት ጓደኛዋ አዋላጇ ይኖራሉ። እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸውም ደረጃ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ባልቴቶች የሚጫወቱት እየተጯጯሁ ነበር፤ እማማ ከመስኮት፣ አዋላጇ ከግቢው አግዳሚ ወንበር። "ሆድሽን ተሻለሽ ወይ?" ስትል እማማ፣ የአዋላጇን የሆድ ነገር ሕንፃው በሙሉ ይሰማል። ምስጢር ሲሆን የምላከው እኔ ነኝ። እየሮጥኩ እወርዳለሁ፣ ጆሯቸው ላይ አንሾካሹካለሁ፣ መልሱን ይዤ እያለከለክሁ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ይዤው የወጣሁት መልስ ክፉ ነበር። የአዋላጇ ልጅ ወሩ ሲያልቅ መጥታ ልትወስዳቸው ነው፤ ሩቅ ከተማ፣ ለዘለቄታው።

እማማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "ድምጿን እሰማለሁ እንጂ ፊቷን እኮ ረሳሁት" አለች። "ሳላያት ልትሄድ ነው።"

የአክስቴ መኪና ቀጥ አለ። እግሯን መርገጫው ላይ እንዳደረገች መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየች።

"እንግዲያው ማመስገን ነው" አለች።

"ማንን?" አልኳት።

"አቶ ይስተካከላልን ነዋ! ሊፍቱ የቆመበትን አንደኛ ዓመት እናከብርላቸዋለን። ምስጋናውን የምታቀርቢው አንቺ ነሽ።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የምስጋና ነገር ሲሆን አክስቴን ማን ይችላታል!

ንግግሩን ያስጠናችኝ በቃሌ ነው። እሷ እየሰፋች አንድ መስመር ትላለች፣ እኔ ወለል ላይ የተበተነ የልብስ ቁልፍ እየለቀምኩ እደግማለሁ። ለምን እንደማትጽፍልኝ ስጠይቃት፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችኝ። ወረቀቱን ፈርታ ሞኙን መምረጧ መሆኑ ያኔ የት ታይቶኝ!

ሱሪ አሳጣሪው ጎረቤታችን ልምምዱን ሊሰማ ይመጣና ሱሪውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ይንፈቀፈቃል። ሳቁ ሲያልቅለት ደግሞ ይፈራል።

"ከገባቸው እኮ አለቀልሽ። ቤት ውስጥ መስፋት ክልክል መሆኑን እያወቁ ነው ዝም ያሉሽ። ነገ ልቀቂ ቢሉሽ እናትሽን ይዘሽ የት ትገቢያለሽ?"

"ካልገባቸውስ?"

"ካልገባቸውማ ምን ዋጋ አለው?"

"እሱን እኔም እያሰብኩበት ነው" አለች አክስቴ፤ ሳቅ የሚባል ከፊቷ ላይ አልነበረም።

እኔ በሁለቱም ተናደድኩ። ቃሉን አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጌ ነው የምናገረው፤ የማይገባ ምን አለው? "ብቻ እንዳትስቂ" ትለኛለች አክስቴ ደጋግማ። "ለምን እስቃለሁ?" አልኳት አንዴ። ቀና ብላ አየችኝና ግንባሬን ሳመችኝ።

ዛሬ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ስላቅን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ብዙ ነው፤ ማጋነን አለ፣ ነገሩን ገልብጦ ማሳየት አለ፣ ነቀፋን የሙገሳ ካባ ማልበስ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚናገረው ነገር የማይገባው ተናጋሪ መፍጠር ነው። ደራሲዎች ስንት ገጽ ይደክሙበታል፤ አክስቴ ግን ወለል ላይ ቁልፍ ስለቅም አገኘችኝ።

ዝግጅቱ የተደረገው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሊፍቱ በር ፊት ነው። አክስቴ በሩ ላይ ቀይ ሪባን አሰረችበት። ጠረጴዛው ላይ ሻይ፣ ኬክና አንዲት ሻማ ተደረደሩ። ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ከታች እስከ ላይ ተኮልኩሏል፣ አዋላጇ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። እማማም አምስተኛ ፎቅ በሩን አስከፍታ ወንበሯ ላይ ሆና ትሰማለች። አቶ ይስተካከላል በቡናማ ኮታቸው መጡ፣ ሪባኑን አዩ፣ ሻማዋን አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

በርጩማ ላይ ቆምኩና ጀመርኩ።

"ክቡር አስተዳዳሪያችን ሆይ! በፊት ሰነፎች ነበርን፤ ቁልፍ እየተጫንን እንወጣ ነበር። ዛሬ ግን በእርስዎ ብርታት ጉልበታችን ብረት ሆኗል። የአራተኛ ፎቁ ጎረቤታችን የጋዝ ሲሊንደር ተሸክመው ሲወጡ ወገባቸው ስለተቀጨ፣ ማታ ማታ መዞር ትተው ከሚስታቸው ጋር በሰላም ይኖራሉ። በፊት ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም ነበር፤ አሁን ትንፋሽ ለመሰብሰብ ደረጃ ላይ ስንቀማመጥ ተዋውቀናል፣ የተጫጩም አሉ። ሌቦችም አምስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ለመስረቅ አቅም ስለሚያጡ ውሃ ለምነው ይመለሳሉ።"

ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ድንገት ጉንፋን ያዘው። አንዱ ያስላል፣ አንዱ አፍንጫውን ይናፈጣል፣ ሱሪ አሳጣሪው ግድግዳ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። አሳዘኑኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"አያቴ አምስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ዓመቱን ሙሉ አልወረዱም። መሬት አቧራ ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል? ሰማይ ይቀርባቸዋል! ጓደኛቸው ከታች፣ እሳቸው ከላይ ስለሆኑ ተጣልተው አያውቁም። ጓደኛቸው ወሩ ሲያልቅ ለዘለቄታው ሊሄዱ ነው። ስንብቱም በመስኮት ስለሚሆን ማንም የማንንም እንባ አያይም። ይህን ሁሉ ያደረጉልን በአንዲት ቃል ነው፤ ይስተካከላል!"

እዚህ ላይ የሚያስለው ሁሉ ጸጥ አለ። አዋላጇ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። አቶ ይስተካከላል መሀረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ቀብረው ቆዩ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። አስለቀስኳቸው! ከአክስቴ ምስጋና ብዛት አንድ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አየሁ ብዬ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

መሀረቡ ሲነሳ ፊታቸው እንደ ቀድሞው ነበር። "ጎበዝ ልጄ" አሉኝ። "ይህ ንግግር እዚህ ብቻ መቅረት የለበትም። ማክሰኞ ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ አለ። ትደግሚልናለሽ።"

አክስቴ ኬክ መቁረጫውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "ኧረ የልጅ ነገር ነው ጌታዬ፣ እዚያ ድረስ ምን..."

"የለም፣ የለም። እንዲህ ያለ ምስጋና ተደብቆ አይቀርም" ብለው ኬካቸውን በሉ።

ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ከኔ በቀር ደስ ያለው አልነበረም። "ሰውዬው ለካ የለየላቸው ጅል ናቸው!" ይላል ሱሪ አሳጣሪው። "ጅልነታቸው ይዞን ገደል ሊገባ ነው" ትላለች አክስቴ። "አላልኩሽም?" ትላለች እማማ። "የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ይገባቸዋል። ቤት የሚያስለቅቁት ደግሞ እነዚያኞቹ ናቸው።" እኔ የምለብሰውን ቀሚስ እመርጥ ነበር።

ዋናው መሥሪያ ቤት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ነው፤ በሩ መስታወት፣ ወለሉ መስታወት የመሰለ። አክስቴ መታወቂያዋን ለዘበኛው አስይዛ ስትመዘገብ፣ እኔና አቶ ይስተካከላል ቀድመን ወደ ላይ ሄድን። አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ፣ ገባን፣ ወጣ! ውስጡ መብራትና መስታወት አለው።

"ውይ ምስኪኖች!" አልኳቸው። "የነሱ ሊፍት ገና አልቆመላቸውም እንዴ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ የአቶ ይስተካከላል ፊት ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የከንፈራቸው ጫፍ ናት እሷም። ጎንበስ አሉልኝ።

"አልታደሉም ልጄ። ካዘንሽላቸው መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ጨምሪላቸው" ብለው አንዲት መስመር ነገሩኝ። ዘጠነኛ ፎቅ እስክንደርስ ደጋገምኳት።

"ያዝሻት?"

"ያዝኳት።"

"እንዳትስቂ ግን።"

"ሰው ሁሉ ለምን እንዳትስቂ ይለኛል?" አልኩ ተቆጥቼ።

"ልክ ነሽ። አንቺስ ግድ የለሽም" አሉኝ።

ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ሰው ተቀምጧል፤ በየሰው ፊት ውሃ አለ። ከወዲያ ጫፍ መነጽራቸው በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም ሴት አሉ፤ ዋናዋ ኃላፊ ናቸው። አቶ ይስተካከላል ተነስተው፣ "ከነዋሪዎቻችን የምስጋና መልእክት አለ" ብለው ተቀመጡ። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

አንዲት ቃል ሳልስት ተናገርኩ። አንድ ሰው መሳቅ ጀምሮ ኃላፊዋን ሲያይ ዋጠው። ከ"ይስተካከላል" በኋላ አክስቴ ያለቀ መስሏት ልትወስደኝ ስትል እኔ ቀጠልኩ።

"ይህ በረከት ለእኛ ብቻ መሆን የለበትም። የእናንተም ሊፍት በቶሎ ቆሞ፣ ኃላፊዎቻችን በየቀኑ ዘጠነኛ ፎቅ በእግራቸው እየወጡ እንደ እኛ እንዲታደሉ በትሕትና እንለምናለን።"

የአክስቴ ጥፍር ትከሻዬ ውስጥ ገባ።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አደረጉ። "አያትሽ እውነት ዓመት ሙሉ አልወረዱም?"

"አልወረዱም። ሰማይ ይቀርባቸዋል" አልኩ በኩራት።

ኃላፊዋ ልብ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ አቶ ይስተካከላል ዞሩ። "ጥያቄ አቅርበው ነበር?"

"በየወሩ አቅርቤአለሁ። ይስተካከላል ተብዬ ነው።"

ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ሁለት ሰዎች የውሃ ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ።

ውጭ ስንወጣ አክስቴ አፈፍ አድርጋ ያዘችኝ። "ያቺን የመጨረሻዋን ከየት አመጣሻት?"

"አቶ ይስተካከላል ናቸው የነገሩኝ።"

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አይ አንቺ! አይ የኔ ደም! እኔንም በኔው መሣሪያ!" ቤት ስንደርስ ለሁሉም ነገረች። "ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ አትለኝም!" ሰው እየተንከተከተ አቀፈኝ። እውነት ተናግሬ ምኑ እንደሚያስቅ ባይገባኝም፣ እቅፉ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ጠጋኞቹ መጡ። ሊፍቱ በተከፈተ ቀን እማማ አክስቴ የሰፋችላትን አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን አስተካክላ፣ ምርኩዟን ይዛ ገባች። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ታች በሩ ሲከፈት አዋላጇ ፊት ለፊት ቆመዋል። እማማ ምርኩዟን ለኔ ሰጠችኝና ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አዋላጇም የሷን በጣታቸው ዳሰሱት።

"አርጅተሻል" አለች እማማ።

"አንቺስ ብትሆኚ!" አሉ አዋላጇ፣ እየሳቁ እያለቀሱ።

ፀሐይ እስክትበርድ አግዳሚው ወንበር ላይ ተጠጋግተው ዋሉ። መጮህ አላስፈለጋቸውም። የሕንፃው ሰው በየመስኮቱ ቢያንዣብብም ምን እንደተባባሉ አንድም ሰው አልሰማም። አቶ ይስተካከላል በቡናማ ኮታቸው በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አዩአቸውና ወደ ቢሯቸው ገቡ። አዋላጇ ወሩ ሲያልቅ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ይስተካከላልም ከከተማው ዳር ወዳለ መጋዘን ተዛወሩ። "ከሰው አንስተው የአሮጌ በርና መስኮት አለቃ አደረጓቸው፤ ትልቅ ሹመት ነው" አለች አክስቴ። ሮጬ ወርጄ፣ "እንኳን ደስ አለዎት!" አልኳቸው። ዕቃቸውን በካርቶን ይዘዋል። ካርቶኑን መሬት አስቀምጠው እጄን ጨበጡኝ። "አመሰግናለሁ ልጄ" አሉኝ፣ የምራቸውን።

እማማ እስክታርፍ ድረስ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሠላሳ ዓመታት አክስቴ ይህን ታሪክ ያልነገረችው እንግዳ የለም፤ ርዕሱም "የገዛ ገመዱን ተሸክሞ የሄደው ጅል" ነው። በየወሩ አቅርቤአለሁ ያሉትን "ሲጨንቃቸው ያመጡት ሰበብ" ትለዋለች። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ የኔ ናት፤ ከመደጋገሙ የተነሳ እኔም የራሴ መስላኝ ቀረች። ለተማሪዎቼም እንደዚያው ነበር የምነግራቸው።

ባለፈው ዓመት ግን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሌላው ሁሉ ሳይገባት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ያቺን መስመር እንዴት ልትፈጥራት ቻለች?"

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። ያ መስታወት፣ ያ መብራት፣ ያቺ የከንፈር ጫፍ መጡብኝ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አክስቴ ጋ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። "ስሚኝማ፣ ያቺ መስመር የኔ አይደለችም" አልኳት። "አቶ ይስተካከላል ናቸው የነገሩኝ። ያኔም ነግሬሽ ነበር።"

ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን ስታይ አቆመች። መነጽሯን አወለቀች።

"በየወሩ አቅርቤአለሁ ብለው ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ብለው ነበር።"

"ገብቷቸው ነበራ! ከመጀመሪያው ገብቷቸው ነው!" ግንባሯን ያዘች። "ስለዚህ መጋዘን የወረወሯቸው... አውቀው ነው የገቡበት? ለእማዬ ብለው? እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጅል ስላቸው!" ከዚያ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። "ተነሽ። በሕይወት ካሉ ፈልጊልኝ።"

አሉ። የድሮው ዘበኛችን ቤታቸውን ያውቀው ነበር፤ አንድ ያረጀ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሚባል ያልተፈጠረለት። ልደግፋት ብል እምቢ አለች። በየፎቁ እየተቀመጠች፣ ጉልበቷን እየረገመች፣ ስታርፍ ደግሞ የምትናገረውን ለራሷ እየተለማመደች ወጣች። አክስቴ ምን እንደምትል አስባ ስትናገር ያን ቀን ነው ያየኋት።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ጎብጠዋል። ቡናማው ኮት ቡናማ ሹራብ ሆኗል። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አወቁን።

አክስቴ አፏን ከፈተች። የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብቻ አለች።

አቶ ይስተካከላል ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ይሄኛው የምር ነው?"

"የምር ነው" አልኳቸው።

መሀረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ቀበሩ። ያን የቅዳሜ ዕለት አለቀሱ ብዬ የኮራሁት፣ ለካ ሳቅ እያፈኑ ነበር። አሁን ግን ትከሻቸው አልተርገፈገፈም። መሀረቡ ሲወርድ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

አክስቴ በሩን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። "ቆይ ግን፣ ይሄ ቤት ሊፍት የለውም እንዴ? ጉልበቴን ጨረሱት እኮ!"

"ይስተካከላል" አሉ።